ሐያእ ሕመምን አያስደብቅም
በተሸሸገ የአካል ክፍል ላይ ስለሚወጣ ሶሪያሲስ

 በዚህ እትም የምናነሣው ርዕስ በየቤቱ የማይነገር፣ ነገር ግን በዝምታ ብዙ ትዳር የሚያውክና የብዙ ወጣት እንቅልፍ የሚነሣ ጉዳይ ነው። እርሱም ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመም በብሽሽት፣ በኀፍረተ ገላና በመቀመጫ መካከል ሲወጣ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው።

ሐያእ የሙእሚን ጌጥ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ይሁንና ሐያእ ማለት ገላን ከማይገባው ዓይን መጠበቅ ነው እንጂ ሕመምን ከሐኪምና ከትዳር ጓደኛ ደብቆ ማባባስ አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነበር። ስለ ወር አበባና ስለ ትጥበት ለመጠየቅ ያላፈሩትን ሴቶች ምሳሌ አድርገን የተማርን ሰዎች፣ ስለ ገላችን ጤና ለመጠየቅ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

በማስተማር ሥራችን ላይ እንዳየነው፣ ወጣቶች ይህን የመሰለ ጥያቄ በአፋቸው አያነሡም። ስም ሳይጻፍበት በተጣጠፈ ቁራጭ ወረቀት ነው የሚመጣው። «ብሽሽቴ ላይ ቀይ ነገር ወጥቶብኛል፤ ምንም አላጠፋሁም፤ ኃጢአት ይሆን?» የሚል ዓይነት ነው። ይህ ጽሑፍ ወረቀቱን ለሚጽፉትም፣ ለመጻፍ እንኳ ለማይደፍሩትም የተዘጋጀ ነው።

ሶሪያሲስ ምንድን ነው?

ጤነኛ ቆዳ አሮጌውን ሽፋን አራግፎ በአዲስ ለመተካት አንድ ወር ያህል ይፈጅበታል። ሶሪያሲስ ባለበት ሰው ግን ይህ ሥራ ተጣድፎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል። ምክንያቱም ሰውነታችንን ከበሽታ እንዲጠብቅ አላህ የሰጠን የመከላከያ ኃይል ጠላት በሌለበት ስለሚነሣና ቆዳውን ስለሚያስቆጣው ነው። አዲሱ ቆዳ ሳይበስል ወደ ላይ ይደርሳል፤ አሮጌውም ለመርገፍ ጊዜ አጥቶ ይደራረባል። በክርን፣ በጉልበትና በራስ ቅል ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ቅርፊት ያለው ሽፍታ ሆኖ የምናየው ይኸው ነው።

ሕመሙ በማንኛውም ዕድሜ ሊጀምር ቢችልም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከ15 እስከ 35 ዓመት ባለው የወጣትነት ጊዜ ነው። ከቤተሰብ የሚወረስ ዝንባሌ አለው። ዝንባሌው ያለበት ሰው ሁሉ ግን አይታመምም። የጉሮሮ ሕመም፣ ከባድ ጭንቀት፣ ሲጋራ፣ አልኮልና የሰውነት ውፍረት ይቀሰቅሱታል፤ ያባብሱታልም። አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጡት ቤታ ብሎከሮች፣ ሊቲየምና ለወባ የሚታዘዘው ክሎሮኩይን ይገኛሉ። ስለዚህ ወባ የያዘው የሶሪያሲስ ታማሚ ሕመሙን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር እንጂ የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ይህ ነው፦ ሶሪያሲስ አይተላለፍም። በመጨባበጥ አይተላለፍም። አንድ ምንጣፍ ላይ በመስገድ፣ ፎጣ ወይም ልብስ በመዋዋስ፣ በአንድ ሳፋ በመታጠብ፣ በባልና ሚስት ግንኙነትም አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም የጤና ጉባኤ ባሳለፈው ውሳኔ ሶሪያሲስን ሥር የሰደደና ተላላፊ ያልሆነ ሕመም ብሎ ተቀብሎታል፤ በ2016ም የዓለም የጤና ድርጅት ስለዚሁ ሕመምና ታማሚዎቹ ስለሚደርስባቸው መገለል ራሱን የቻለ ሪፖርት አውጥቷል።

መገለሉ የቆየ ታሪክ አለው። ለብዙ መቶ ዓመታት ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ከሥጋ ደዌ ታማሚ ጋር አንድ ላይ ይቆጠር ነበር። የቪየናው ሐኪም ፈርዲናንድ ሄብራ እ.ኤ.አ. በ1841 ሕመሙን «ሌፕራ» ከሚለው ስም ፈጽሞ እስኪለየው ድረስ ሐኪሞች እንኳ ስሙን ያደባልቁት ነበር። በአገራችንም ሰው የቆዳ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሲገባ እንዳይታይ የሚሳቀቀው ከዚሁ የድሮ ፍርሃት የተነሣ ነው። የሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ስለሆነ ፍርሃቱ በሁለቱም በኩል መሠረት የለውም።

በተሸሸገ ቦታ ላይ መልኩን ይለውጣል

ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች መካከል እስከ 63 በመቶ የሚደርሱት በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ በኀፍረተ ገላቸው አካባቢ እንደሚወጣባቸው ጥናቶች ያመለክታሉ። ስለዚህ ታማሚው «በእኔ ብቻ የደረሰ» ብሎ ማሰብ የለበትም። ብዙ ሰው አለ፤ ሁሉም ዝም ስላለ ነው እያንዳንዱ ብቻውን የሚመስለው።

ብሽሽትና አካባቢው ሙቀትና እርጥበት ያለበት፣ ቆዳ ከቆዳ የሚፋተግበት ቦታ ነው። በዚህ የተነሣ በክርን ላይ የምናውቀው ነጭ ቅርፊት እዚህ አይታይም ወይም በጣም ጥቂት ነው። ሽፍታው ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅና ዳርቻው ጥርት ብሎ የተለየ ይሆናል። በቀላ ያለ ቆዳ ላይ ቀይ ሲሆን፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር ቡና ያዘነብላል። ያሳክካል፤ ያቃጥላል፤ አንዳንዴም ቆዳው ተሰንጥቆ ሲታጠቡት ያንገበግባል።

ቅርፊቱ ስለሌለ ብዙዎች በጭርት ወይም በሌላ የፈንገስ ሕመም ይሳሳቱታል። የብሽሽት ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ ዳርቻው ከፍ ብሎ፣ መሐሉ እየጠራ፣ እንደ ቀለበት ወደ ጭን የሚሰፋ ነው። ሶሪያሲስ ግን ብዙ ጊዜ በግራና በቀኝ እኩል ይወጣል፤ ተጨማሪ ምልክቱም ከሌላ ቦታ ይገኛል። ከጆሮ ጀርባ፣ በራስ ቅል፣ በእምብርት፣ በመቀመጫ መካከል ሽፍታ ካለ፣ ጥፍርም በመርፌ እንደተወጋ ጥቃቅን ቀዳዳ ካወጣ ሐኪሙ ወደ ሶሪያሲስ ያስባል። ይህን የምንጽፈው ግን አንባቢ ራሱን እንዲመረምር ሳይሆን ሐኪሙ ሲጠይቀው ምን እንደሚያሳይ እንዲያውቅ ነው።

ቤት የሚያፈርሰው ጥርጣሬ ነው

የዚህ ሕመም ትልቁ ጉዳት ከማሳከኩ ይልቅ የሚያመጣው ጥርጣሬ ነው። ሚስት በባሏ ኀፍረተ ገላ ላይ ቀይ ነገር ስታይ፣ ወይም ባል በሚስቱ ላይ ሲያይ፣ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የአባላዘር በሽታ ነው። ታማሚው ደግሞ እንዳይጠረጠር ብሎ ይሸሻል፤ መብራት ያጠፋል፤ ድካም ያመካኛል። ሽሽቱ ራሱ ጥርጣሬውን ያጠነክራል። እንዲህ እያለ አንድም ኃጢአት ያልተሠራበት ቤት በኃጢአት ሐሜት ይፈርሳል።

ያለ ማስረጃ ሰውን በዝሙት መወንጀል በዲናችን ከከባድ ወንጀሎች መካከል የሚቆጠር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ አብሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ። ሐኪሙ ካስፈለገው ከሽፍታው ትንሽ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ፈንገስ መኖሩን ያያል፤ ለአባላዘር በሽታ የደም ምርመራ ያዛል። ምርመራ መታዘዙ ክስ አይደለም። ጥርጣሬን ለዘለቄታው የሚዘጋ በር ነው።

ሆኖም እያንዳንዱ ሽፍታ ሶሪያሲስ ነው ማለታችን አይደለም። ቁስል ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር ከታየ፣ መግል ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ካለ፣ ቆዳው ነጭ ሆኖ ከቀጠነ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ የወጣ ነገር ለሳምንታት አልድን ካለ ሳይዘገዩ መታየት ያስፈልጋል።

ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛው ቅባት

አፍሮ ሐኪም ዘንድ ያልሄደ ሰው የሚሄድበት ቦታ የታወቀ ነው፤ መድኃኒት ቤት። እዚያም ቦታውን ሳይናገር «ለሚያሳክክ ቆዳ» ብሎ ቅባት ይገዛል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለበት ብርቱ የስቴሮይድ ቅባት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሳከኩ በተአምር የሚመስል ፍጥነት ይጠፋል። ደስ ብሎት ይቀጥላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

የኀፍረተ ገላ ቆዳ ስስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመ የታወቀ ጥናት በቆለጥ ከረጢት ቆዳ በኩል የሚሰርገው ሃይድሮኮርቲሶን በክንድ ቆዳ በኩል ከሚሰርገው በ42 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። ለመዳፍና ለእግር ጫማ የተሠራው ብርቱ ቅባት እዚህ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ እንደ እርግዝና መስመር ያለ የማይጠፋ ስንጥቅ ያወጣል፤ ሲያቆሙት ሽፍታው ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ሕመሙ ፈንገስ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ስቴሮይዱ መልኩን ሸፍኖ እንዲስፋፋ ያደርገዋል።

ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና በረኪና መቀባትም ይሰማል። እነዚህ ስስ ቆዳን ያቃጥላሉ። ሶሪያሲስ ደግሞ የተቃጠለ፣ የተቧጨረ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ አዲስ ሽፍታ የማውጣት ጠባይ አለው። ይህን ጠባይ ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ሄንሪክ ኮብነር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በአጭሩ ሲታይ ቆዳን የጎዳ ሁሉ ሶሪያሲስን ይጋብዛል።

ሐኪም ምን ይሰጣል?

ሶሪያሲስን ጨርሶ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ነገር ግን ለወራትና ለዓመታት ጸጥ የሚያደርጉት አሉ። ለዚህ ቦታ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት እንደ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን ባለ ለስላሳ ቅባት ነው። ካልበቃ ለአጭር ጊዜ መካከለኛ ኃይል ያለው ይታዘዛል። ሽፍታው ሲረግብ ስቴሮይድ ወዳልሆነው ታክሮሊመስ ወደተባለ ቅባት ሊዞሩ ይችላሉ። ይህ ቆዳን አያሳሳም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ስለሚያቃጥል ታማሚው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። የቫይታሚን ዲ ዝርያ የሆነው ካልሲፖትሪዮልም ቆዳው ከቻለው ይሰጣል። ለክርንና ለጉልበት የሚታዘዙት ሳሊሲሊክ አሲድና ዲትራኖል ግን ወደዚህ ቦታ መድረስ የለባቸውም። በጨረር የሚታከም ሰውም ኀፍረተ ገላውን መሸፈን አለበት።

መጠኑን በተመለከተ ቀላል መለኪያ አለ። ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የተጨመቀ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን የሁለት መዳፍ ስፋት ያለው ቆዳ ያዳርሳል። ለዚህ ቦታ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ስስ አድርጎ መቀባትና ሐኪሙ በወሰነው ቀን ማቆም ነው።

ሕመሙ ሰፊና ብርቱ ሲሆን የሚዋጥ መድኃኒት ይታዘዛል። ከእነዚህ አንዱ ሜቶትሬክሴት ነው፤ ለሶሪያሲስ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን እንጂ በየቀኑ አይደለም። በየቀኑ መውሰድ ለሞት ያደርሳል። እርጉዝ ሴትና ልማርግዝ የምትል ሴት ፈጽሞ አትወስደውም፤ ባልም ልጅ ከማሰቡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። አዳዲስ መድኃኒቶችም እየወጡ ነው። ሮፍሉሚላስት የተባለው ስቴሮይድ ያልሆነ ክሬም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የቆዳ እጥፋቶችን ጨምሮ ለሶሪያሲስ ተፈቅዷል። ዋጋው ግን ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ደግነቱ ከላይ የጠቀስናቸው ነባር ቅባቶች በአግባቡ ከተያዙ ብዙ ሰው ያሳርፋሉ።

ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያው ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚገትረው ወይም ጣቱ የሚያብጥ ታማሚ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገር። ሶሪያሲስ መገጣጠሚያንም የሚነካበት ጊዜ አለና።

የት እንሂድ? ለሚል አንባቢ፣ በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሮ ወደ ቆዳ ሐኪም ማስላክ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት፣ በወሎ በኩል ደግሞ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። ዐውራን ለሕክምና ማሳየት በችግር ጊዜ እንደሚፈቀድ ዑለማእ አስረድተዋል፤ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ይሆናል። ሴት ለሴት ሐኪም፣ ወንድም ለወንድ ሐኪም ቢታዩ ይመረጣል፤ ካልተገኘ እህታችን ባሏን ወይም መሕረሟን ይዛ ትግባ። እዚያ ደርሶ ክርንን ብቻ አሳይቶ መመለስ ግን መንገዱን በከንቱ መሄድ ነው። አፍ አልፈታ ያለው ሰው «ከታችም አለብኝ» ብሎ በወረቀት ጽፎ ይስጥ። ሐኪሙ ብዙ አይቷል፤ አይደንቀውም።

ጦሃራና የዕለት እንክብካቤ

ሙስሊም በቀን ብዙ ጊዜ በውኃ የሚነጻ ሰው ነው። ይህ ለታማሚው በረከት ነው፤ አነጣጠቡን ካወቀበት። ለኢስቲንጃእ ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ውኃ በቀስታ ማፍሰስ በቂ ነው። መፈተግ፣ ሽታ ያለው ሳሙና፣ ዴቶልና ሽቶ ያለበት ሶፍት መተው አለባቸው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ እንጂ ማሸት አይገባም። ስስ ቫዝሊን መቀባት ቆዳውን ከመፋተግ ይጠብቃል። የውስጥ ልብስ ከጥጥ የተሠራና ሰፋ ያለ ይሁን። እንደ ድሬዳዋና አፋር ባሉ ሞቃት ቦታዎች የሚኖሩ ደግሞ በላብ የራሰውን ቶሎ ቢቀይሩ ይጠቅማቸዋል።

የብልት ፀጉርን በተመለከተ፣ ከ40 ቀን እንዳያልፍ የተወሰነውን ሱና ለመጠበቅ የግድ ምላጭ አያስፈልግም። መላጨቱ የተመረጠ ቢሆንም በመቀስ ማሳጠርም እንደሚያብቃቃ ዑለማእ ገልጸዋል። ምላጭ ለሚያቆስለው ታማሚ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስለ ቅባቱም ጥያቄ ይነሣል። በሻፊዒይ መዝሀብ ኀፍረተ ገላን በመዳፍ መንካት ውዱእ ስለሚያፈርስ፣ ቅባቱን አስቀድሞ ተቀብቶ፣ እጅን ታጥቦ፣ ከዚያ ውዱእ ማድረግ ይሻላል። በሐነፊይ መዝሀብ መንካቱ ውዱእ አያፈርስም። ጉስል ግዴታ ሲሆን ውኃን የሚከለክል ቅባት በለብታ አስለቅቆ መታጠብ፣ ከታጠቡ በኋላ እንደገና መቀባት ነው። በረመዳንም በላይኛው ቆዳ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ጾም አያፈርስም፤ በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘለት ሰው ከሱሑር በፊትና ከኢፍጣር በኋላ ቢያደርገው ይመቸዋል። ቆዳው ክፉኛ ተሰንጥቆ ውኃ የሚጎዳው ከሆነ በአቅራቢያው ያለውን ዓሊም ይጠይቅ። ዲናችን ገር ነው።

ለባለትዳሮችና ለወላጆች

ለባለትዳሮች የምንለው፣ ሽፍታው በተቆጣበትና በተሰነጠቀበት ሰሞን ግንኙነትን ማቆየት ጉዳትን ይከላከላል። ይህ መራቅ ሳይሆን መተዛዘን ነው። ረገብ ሲል ቅባቱን አስቀድሞ መታጠብ፣ ድርቀትን በሚያለሰልስ ነገር መርዳት፣ ከዚያ በቀስታ ታጥቦ አድርቆ መድኃኒቱን መመለስ ይበቃል። ሕመሙ የሴትን ማሕፀንም ሆነ የወንድን ዘር አያበላሽም፤ መውለድን አይከለክልም። ልጆችም ቢሆኑ አብዛኞቹ ሳይያዙ ያድጋሉ። ለማግባት ያሰበ ወጣት ደግሞ ከኒካሕ በፊት በወልይ ወይም በታመነ ሰው በኩል ነገሩን ቢገልጽ፣ ኋላ «ደበቀኝ» ከሚል ቅሬታ ይድናል ብለን እናምናለን።

ለእናቶች፦ የሕፃን ዳይፐር ወይም ጨርቅ የሚያርፍበት ቦታ ዳርቻው ጥርት ብሎ ከቀላና በተለመደው ቅባት ካልተወ፣ ንጽሕና ጎደለ ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ለሐኪም አሳዩ። ለአባቶች፦ ልጃችሁ መታጠቢያ ቤት ሲቆይ ወይም ከእኩዮቹ ጋር ዋና መሄድ ሲተው ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቁት። «ልጄ፣ የሚያምህ ነገር ካለ ንገረኝ፤ አብረን እንሄዳለን» የምትለው አንዲት ዐረፍተ ነገር ብዙ ዓመት ዝምታን ትሰብራለች።

ወረቀቱን ላጠፈው ወጣትም መልሳችን ይህ ነው። ኃጢአት አይደለም፤ ቅጣት መሆኑንም ማንም ሊነግርህ አይችልም። ከሕመሞች አንዱ ሕመም ነው። ሰብር ማለትም ሳይታከሙ መቀመጥ አይደለም፤ መድኃኒቱን ፈልጎ፣ ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው። ገላህን ከሰው ዓይን ሸፍን፤ ሕመምህን ግን ከሚያክምህ አትሸፍን።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን፤ በየቤታችንም መተዛዘንን ያብዛልን። ወላሁ አዕለም።